ከፏፏቴው ሥር የተማርነው

የአገራችን ሰው «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲል አያሌ ጊዜ ሰምተናል። እኛም ይህን ምሳሌ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ሰሙንና ወርቁን ለይተን፣ ለተማሪዎቻችን ብዙ ዓመት አስረድተናል። ነገር ግን ምሳሌን ማስተማርና ምሳሌው በራስ ላይ ሲደርስ ማየት እጅግ የተራራቁ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳነው በ2011 ዓ.ም. መስከረም 26 ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ በከላላ ምድር ከአንድ ፏፏቴ ሥር ነው። በዚያ ቀን ያየነው ነገር ልጆች ላሉት ቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ስላሰብን፣ የራሳችንንም ጥፋት ሳንሸሽግ እነሆ እንጽፋለን።

ከላላ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል የምትገኝ የደጋ አገር ናት። በሰሜን ከለጋምቦ፣ በምዕራብ ከወግዲ ትዋሰናለች፤ ከወግዲ አልፎ ወደ ሰሜን የሄደ መንገደኛ ቦረናንና ከተማውን መካነ ሰላምን ያገኛል። አገሩን ላላየ ሰው መልኩን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ደጋው እንደ ተዘረጋ ሰሌን ሜዳ ሆኖ ይሄድ ይሄድና በድንገት ይቆረጣል። በጠርዙ ላይ የቆመ ሰው በአንድ እይታ ሁለት አገር ያያል፤ ከላይ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት ብርዳም ደጋ፣ ከታች ማሽላ የሚዘራበት ሞቃት ቆላ ነው። ከሥር ያሉት ወንዞች፣ ጃማም ሆነ ወለቃ፣ መድረሻቸው ዓባይ ነው። የክረምቱ ዝናብ ወደ እነዚህ ወንዞች የሚወርደው በዚሁ ገደል ስለሆነ፣ ክረምት ሲወጣ የደጋው ጠርዝ ከሩቅ ነጭ ክር መስለው በሚታዩ ፏፏቴዎች ያጌጣል። አብዛኞቹን ከአገሬው ሰው በቀር የሚያውቃቸው የለም፤ በጋው ሲገፋም ቀጥነው ቀጥነው ይጠፋሉ። እኛም በዚያ ዓመት ሳይቀጥኑ እንድረስባቸው ብለን ተቀጣጠርን።

መንገደኞቹ አራት ነበርን። ይህን የምንጽፈው እኛ በልጅነታችን ዳዊት ደግመን፣ ዲቁና ተቀብለን፣ ከዚያም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተን በመምህርነት የተሠማራን ነን። ሁለተኛው በአንድ ትምህርት ቤት አብሮን የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነው። ሦስተኛው ለገበሬዎች ስለ እርከንና ስለ ዘር ምክር የሚሰጥ የግብርና ባለሙያ ሲሆን፣ የእስልምና ሃይማኖት ተከታይና የብዙ ዘመን ወዳጃችን ነው። አራተኛው ከደሴ እኛን ሊጠይቅ የመጣ የጤና ባለሙያ ነበር። በወሎ የሥጋው ቢላዋ ይለያያል እንጂ ወዳጅነቱ አይለያይም፤ ዕለቱም የዘመነ ጽጌ መጀመሪያ ስለ ነበረ ስንቃችን በሶ፣ ዳቦና የገብስ ቆሎ ብቻ ነበርና፣ አራታችንም ከአንድ ጨርቅ ላይ የምንቆርስ ሆነን ወጣን።

አንባብያን እንደምታውቁት ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት ናቸው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት የሚታሰብበት፣ ምድርም ዕዳዋን እንደ ከፈለች ሁሉ በአበባ የምትሸፈንበት ወራት ነው። በማለዳው 12 ሰዓት ላይ ከከተማው ስንወጣ ጤዛው ገና አልረገፈም ነበር። የኑጉ ማሳ ቢጫ ምንጣፍ መስሏል፤ አደይ አበባውም ከየድንበሩ ብቅ ብሏል። እኛ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በልባችን እየደገምን፣ ጓደኞቻችንም ስለ ኑሮ ውድነት እየተጨዋወቱ፣ አገሬው በሁለት ሰዓት የሚሄደውን መንገድ በሦስት ሰዓት ሄድነው።

በመንገዳችን ላይ የግብርና ባለሙያው ወዳጃችን ሁለት ጅረቶች ከሚገናኙበት ቦታ አቆመን። አንደኛው ጅረት ጥርት ያለ ነበር፤ ሁለተኛው ግን እንደ ጠላ አተላ የደፈረሰ ቀይ ነበር። «ጥርት ያለው የሚመጣው እርከን ከተሠራበት፣ ዛፍም ካልተቆረጠበት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ነው፤ ያኛው ግን ከተራቆተው ጋራ ነው። ይህን ውኃ አትበሉት፤ ይህ የሚሄድ እርሻ ነው» አለን። ቀና ብለን ብናይ እውነትም ጽዱና ወይራው እንደ ጉልላት ከብቦት የቆመው ደብር ከላይ ይታያል። ከዚህ የሚነሣው አፈር ወንዝ ለወንዝ ተጉዞ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ወር ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያደርሰዋል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በከላላ ጋራ ላይ የሚሠራው እርከን ለራሱ ማሳ ብቻ ሳይሆን ለሩቁም ሐይቅ መሆኑን ዛሬ ያን ቃል ስናስታውስ እንረዳዋለን።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ከገደሉ አፍ ደረስን። ጅረቱ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሳይቸኩል መጥቶ፣ ከጠርዙ ሲደርስ ራሱን ወደ ታች ይለቅቃል። ከሥሩ ክብ ኩሬ አለ፤ ከኩሬው የተረፈው ውኃ ሌላ ትንሽ ፏፏቴ ሠርቶ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ርጭቱ በጠዋት ፀሐይ ላይ ቀስተ ደመና ሠርቶ ነበር። አራታችንም ለጥቂት ጊዜ ያለ ንግግር ቆምን። ከዚያ ግን እኛ መምህራን ዝም ማለት የማይሆንልን ሰዎች ነንና ማስረዳት ጀመርን።

የምድር ሊቃውንት እንደሚሉት የደጋችን ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰና የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ባዛልት ይሉታል። አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ስለ ተደራረበ ገደሉ የደረጃ መልክ አለው። ጠንካራው ንጣፍ ከላይ፣ ልል የሆነው ከታች ሲሆን፣ ውኃው ልሉን እየቦረቦረ ጠንካራውን ያለ መሠረት ያስቀረዋል፤ እርሱም በጊዜው ይናዳል። ስለዚህ ፏፏቴ በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል እንጂ ከዘመን ወደ ዘመን ወደ ኋላው እየሸሸ ነው። ከዚህም ወደ ታች፣ ወደ ጃማና ወደ ዓባይ ሸለቆ ጠልቆ የወረደ ሰው የባሕር ፍጥረት ቅርፊት የታተመበትን የኖራ ድንጋይ ያገኛል፤ ይህ ከፍ ያለ አገር በጥንት ዘመን የባሕር ወለል ነበርና። የፈጣሪን ሥራ የሚያደንቅ ሰው እንዲህ ያለውን ሲሰማ አድናቆቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የሒሳብ መምህሩ ደግሞ ቁመቱን እንለካ አለ። ሜትር ወይም ገመድ አልነበረንም፤ እርሱ ግን ከጠርዙ ዳር ካለ ዛፍ ሥር በደረቱ ተኝቶ አንድ ድንጋይ ለቀቀና ሰዓቱን ተመለከተ። ድንጋዩ ኩሬውን እስኪመታ 3 ሰከንድ ፈጀ። የሰከንዱን ቁጥር በራሱ አባዝተን ውጤቱን በ4.9 ስናባዛ 44 ሜትር ገደማ ሆነ። ይህም የጢስ ዓባይን ቁመት ሊስተካከል ምንም አልቀረውም፤ እርሱ 45 ሜትር ያህል ነውና። የጢስ ዓባይ ክብሩ ግን ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ በክረምት ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። እርሱም ቢሆን ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ውኃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ የቀድሞ ግርማው ይጎድላል። የእኛ ፏፏቴ ወርዱ ከአንድ ጎጆ ቤት አይበልጥም ነበር፤ ሆኖም የለካነው እኛ ስለሆንን እንደ ርስታችን ኮራንበት።

ይህን ሁሉ ስናደርግ ከጠርዙ ላይ ከብት የሚጠብቅ፣ ባና የለበሰ፣ ዕድሜው 12 ወይም 13 የሚሆን ልጅ በበትሩ ተደግፎ ይመለከተን ነበር። ድንጋይ ጥሎ ሰዓት ማየት ምን እንደሆነ ጠየቀን። የሒሳብ መምህሩም በሰፊው አስረዳው። ልጁ ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ፣ «እኛስ በበልግ ስንት በሬ እንደ ወደቀበት ነው የምንቆጥረው» አለ። ሳቅንበት። የልጁ ንግግር ማስጠንቀቂያ መሆኑ በዚያን ጊዜ አልገባንም።

ከዚያም በፍየል መንገድ፣ እግራችንን እየለካን፣ ወደ ኩሬው ወረድን። ስንቃችንን ፈትተን በላን። የግብርና ባለሙያው ወዳጃችን ከጅረቱ ውዱእ አድርጎ የቀትር ሶላቱን ሰገደ፤ እኛም ከአንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ጋደም አልን። የጤና ባለሙያው ጫማውን አውልቆ እግሩን በውኃው ውስጥ አስቀመጠ። ሰማዩ ከራሳችን በላይ ንጹሕ ነበር፤ በሰሜን በኩል ብቻ፣ በለጋምቦ ጋራዎች አናት ላይ፣ ጠቆር ያለ ደመና ተቀምጦ ይታይ ነበር። ስምንት ሰዓት ገደማ ሆነ።

በዚህ መካከል ያ እረኛ ከላይ ሆኖ ይጮህ ጀመር። የፏፏቴው ድምፅ ስለሸፈነው ቃሉን ለይተን መስማት አልቻልንም፤ እኛም እጃችንን አውለብልበን ሰላምታ ሰጠነው። ጥቂት ቆይቶ በዚያው በፍየል መንገድ እየተንደረደረ ወረደና ፊታችን ቆመ።

«ውጡ! ላይ ዘንቧል፤ ውኃው እየመጣ ነው!» አለን።

የሒሳብ መምህሩ ወደ ሰማይ ተመልክቶ፣ «የምን ዝናብ ነው የምትለው? አንድ ጠብታ እንኳ መች ወረደብን?» አለው።

«እዚህ አይደለም። ላይ ነው። ድምፁ ተለውጧል፤ አትሰሙም?»

እኛም ልጁ ርቦት ሰበብ የፈለገ መሰለንና ዳቦ ቆርሰን ዘረጋንለት። አልተቀበለንም። ከዚያ በኋላ የተናገርነውን ቃል ዛሬ ስንጽፈው እናፍራለን። «ልጄ፣ እኛ መምህራን ነን፤ ስለ ዝናብ እናውቃለን። ሂድና ከብትህን ጠብቅ» አልነው። ልጁ አንድ ጊዜ እኛን፣ አንድ ጊዜ ውኃውን አየ። ወዲያው ከድንጋዩ ላይ የነበረውን ቦርሳችንን መንጭቆ ሽቅብ ሮጠ።

በቦርሳው ውስጥ ከልጅነታችን ጀምሮ ያልተለየን የዳዊት መጽሐፋችን፣ የጓደኞቻችን ስልኮችና ገንዘብ ነበሩበት። አራታችንም በአንድ ድምፅ «ሌባ! ያዘው!» ብለን ጮኽን። የጤና ባለሙያው ባዶ እግሩን፣ ሌላው መነጽሩን በእጁ እንደያዘ፣ እየተጋፋን ሽቅብ ተከተልነው። ልጁ እንደ ሚዳቋ ይዘላል፤ ትንሽ ርቆ ይቆምና ስንቀርበው ደግሞ ይሮጣል። የገደሉን ግማሽ ያህል ወጥተን ልንደርስበት ስንል ከበላያችን እንደ ነጐድጓድ ያለ፣ ግን የማያቋርጥ ድምፅ ሰማን። የያዝነውም ድንጋይ በመዳፋችን ሥር ተንቀጠቀጠ።

ነጩ ፏፏቴ ባንዴ ቡናማ ሆነ። ከጎጆ ቤት የማይበልጠው ወርዱ ሦስት እጥፍ ሰፋ፤ ግንድ፣ ድንጋይና የተነቀለ ቁጥቋጦ ይዞ ከጠርዙ ተወረወረ። ከእኛ በታች ያለው ኩሬ ጠፋ። የተኛንበት ሰፊ ድንጋይ፣ የበላንበት ጨርቅ፣ የጤና ባለሙያው ጫማ፣ ወዳጃችን የሰገደበት ቦታ፣ ሁሉም ባንድ ላይ አልነበሩም። ከጩኸታችን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አምስት ደቂቃ የሚሞላ አይመስለንም።

ማንም አልተናገረም። ልጁ ቦርሳውን ከአንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ እንዳንመታው ፈቀቅ ብሎ ቆመ። «ቦርሳችሁ ይኸው። አልከፈትኩትም» አለ።

የግብርና ባለሙያው ወዳጃችን ቀድሞ ልጁን አቀፈው። ሁላችንም ስመነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። እርሱ ግን ነገሩ ይቅርታ የሚያስፈልገው አልመሰለውም። እንዴት እንዳወቀ ስንጠይቀው በጣቱ እየቆጠረ ነገረን። መጀመሪያ ላሞቹ ራሳቸውን ቀና አድርገው ከጅረቱ ዳር ወጡ። ቀጥሎ ውኃው ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ጀመረ፤ መልኩም ደፈረሰ። የርጥብ አፈር ሽታ ያለበት ቀዝቃዛ ነፋስም ከላይ መጣ። በመጨረሻም ድምፁ ወፈረ። እኛ በቀን ብርሃን፣ ዓይናችን እያየ፣ ከአራቱ ምልክቶች አንዱን እንኳ አላነበብንም።

ከዚህ ላይ ለእናቶችና ለአባቶች አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባናል። ደራሽ ጎርፍ የሚመጣው በእኛ ላይ ከዘነበው ዝናብ አይደለም፤ በሩቅ ጋራ ላይ ከዘነበው ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 10 ኩንታል ይመዝናል፤ ይህ ክብደት ሲሮጥ ምን ኃይል እንዳለው መገመት አያዳግትም። በፍጥነት የሚወርድ ውኃ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር የደረሰ እንደሆነም መኪና ያንሳፍፋል። ስለዚህ በጋራው ላይ ደመና ባለ ጊዜ ልጆች በወንዝ ውስጥ እንዳይዋኙ፣ ልብስ አጣቢዎችም ከወንዙ ሆድ እንዳይቀመጡ መምከር ያስፈልጋል። ውኃው ከደፈረሰ ወይም ድምፁን ከለወጠ፣ ዕቃን ትቶ ወደ ጎን ሽቅብ መውጣት እንጂ በወንዙ ዳር ቁልቁል መሮጥ አያድንም። ይህን ደግሞ ከማንም በፊት የሚያውቀው የቦታው ሰው ነውና፣ እንግዳ የሆነ ሁሉ ይጠይቅ፤ ሲነግሩትም ይስማ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ከላይ ከጠርዙ ተቀምጠን ትንፋሻችን ሲመለስ፣ «አንተ ጎበዝ፣ ለምን ትምህርት ቤት አልገባህም?» ብለን ልጁን ጠየቅነው።

«ገብቼ ነበር። አምና፣ አራተኛ ክፍል። ከዚያ ስሜ ተሰረዘ» አለ።

«ማን ሰረዘህ?»

ልጁ መሬቱን በበትሩ እየጫረ ዝም አለ። ደግመን ብንጠይቀው ቀስ ብሎ፣ «አንቱ ነዎት እኮ መምህር» አለን።

አንባብያን ሆይ፤ ከገደሉ ሥር በሕይወት መውጣታችን ካስደነገጠን ይልቅ ይህ ቃል አስደነገጠን። በ2010 ዓ.ም. የአራተኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህር እኛ ነበርን። በክፍሉ ውስጥ ከሰባ በላይ ልጆች ነበሩ። በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» የሚለው ምልክት ሲበዛ በቀይ ቀለም «አቋረጠ» ብሎ መጻፍ ሥርዓት ነውና ጽፈናል። ስሙን ሲነግረን አስታወስነው፤ መልኩን ግን አላስታወስነውም። እርሱ እኛን ከጠዋት ጀምሮ ለይቶ አውቆ ነበር። የሰረዘውን ሰው ለማዳን ቁልቁል ወርዶ፣ ሌባ መባልን ችሎ ሮጠ።

በመመለሻችን ወደ ቤታቸው ይዘን ሄድን። እናቱ «ግቡ፣ ግቡ» ብላ ተቀበለችን፤ ቡናም አፈላችልን። የእስልምና ተከታዮች ነበሩ፤ እኛ ጾመኞች መሆናችንን በሰማች ጊዜ የባቄላ ንፍሮ ለብቻ አድርጋ አቀረበችልን። አባቱ ከመደቡ ላይ ተኝቶ ያስል ነበር። ከአምና ጥር ጀምሮ ከሳሉ አልተላቀቀም፤ ከብቱንም እርሻውንም የያዘው ይህ ልጅ ነው። እርሱ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሄዶ ሁለት ሰዓት እየተመለሰ ሲማር ቆይቶ፣ አባቱ ሲወድቅ የቀረው በዚህ ምክንያት ነበር። እኛ ግን «ለምን ቀረ?» ብለን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም።

የጤና ባለሙያው ወዳጃችን፣ የልጁን አሮጌ ጫማ በልኩ ቆርጦ በእግሩ እንዳደረገ፣ ከበሽተኛው አጠገብ ተቀመጠ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል በጤና ጣቢያ አክታ መመርመር እንደሚያስፈልግ፣ መድኃኒቱም በነጻ እንደሚሰጥ፣ ነገር ግን ሻል ብሎኛል ብሎ ሳያቋርጡ ስድስት ወር መዋጥ እንደሚገባ በቀስታ አስረዳቸው። በሽተኛውም «መክፈል ስለማልችል ነበር ያልሄድኩት» አለ። በነጋታው በበቅሎ አወረዱት፤ የተፈራው በሽታ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቱንም ጀመረ። በአገራችን ስንት ልጅ «አቋረጠ» ተብሎ የሚጻፈው፣ በአንድ ቤት ውስጥ ስለተኛ አንድ በሽተኛ ይሆን?

ወደ ከተማው የገባነው በጨለማ ነው። በመንገድ ላይ ስንሄድ የታሰበን ከዚሁ ምድር የወጣው ታላቁ ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነበር። የጋስጫ ገዳም የሚገኘው ከእኛው አጠገብ፣ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ነው። ገድሉ እንደሚነግረን አባቱ ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰጥቶት ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱ ለዓመታት አልገባው ስላለ መምህሩ ለአባቱ መልሶ ሰደደው። አባቱ ግን ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልቀበልም ብሎ መለሰው። በገዳሙም ለመነኮሳቱ እህል እየፈጨ፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ኖረ፤ በኋላም ጥበብ ተሰጠው። መጽሐፈ ምሥጢርን፣ አርጋኖንን፣ ሰዓታቱን የደረሰው ይህ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን የምናከብረውን አባት ያ መምህር እንዲያው ሰርዞት ቢቀር ኖሮ፣ ዛሬ በሌሊት በቤተ ክርስቲያን ቆመን ምን እንል ነበር? ይህን ታሪክ በልጅነታችን ሰምተን አድገናል፤ ለተማሪዎችም ተርከናል። ቀይ ቀለሙን ባነሣን ጊዜ ግን አልታወሰንም።

ልጁ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ተመለሰ። አባቱ እየበረታ ሲሄድ ከብቱን በተራ ይይዙ ጀመር፤ ልጁ በቀረባቸው ቀኖች ያመለጠውን እኛና የሒሳብ መምህሩ በየቅዳሜው እናሟላለት ነበር። ድንጋይ ጥሎ ገደል መለካትንም ተማረ፤ ከእኛ ይልቅ ፈጥኖ ያሰላው ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳለ ግን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ከመዝገቡ ፊት የቆመው ለራሱ አልነበረም፤ ታናሽ እኅቱን እጇን ይዞ ነበር የመጣው። «እኔ አሁን ለእርሻው ደርሻለሁ፤ እሷን መዝግቡልኝ። መጽሐፏን ማታ ማታ እኔም አነባለሁ» አለን። ልናግባባው ብዙ ደከምን፤ አልሆነም። ይህን የጻፍነው ነገሩ ሁሉ እንደ ተረት በደስታ እንዳለቀ አድርገን ለመናገር ስላልፈለግን ነው። የባከነችው ያች አንድ ዓመት ባትኖር ኖሮ በ2012 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል ይሆን ነበር፤ ምናልባትም ልቡ ከትምህርቱ ጋር ይበልጥ በተጣበቀ ነበር። ያችን ዓመት ልንመልስለት አንችልም።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ለራሳችን ሕግ አድርገናል። አንድ ልጅ ሦስት ቀን ሲቀር በመዝገቡ ላይ ከመጻፋችን አስቀድሞ ከጎረቤቱ ልጅ፣ ከንስሐ አባቱ ወይም ከመስጊዱ ሸህ፣ ካልተገኘም በእግራችን ሄደን ምክንያቱን እንጠይቃለን። «አቋረጠ» የሚለውንም ቃል እስክናጣራ ድረስ በእርሳስ እንጂ በቀለም አንጽፍም፤ በእርሳስ የተጻፈ ይጠፋልና። እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ከትምህርት ሲቀር ምክንያቱን ለመምህሩ መንገርን አትፈሩ፤ አትፈሩም ዘንድ እኛ መምህራን አስቀድመን ልንጠይቃችሁ ይገባናል።

ዳዊታችን ዛሬም ከእኛ ጋር ነው። በጀርባው ላይ የአንድ ትንሽ እጅ የጭቃ አሻራ አለበት። ብዙ ሰዎች ለምን እንደማንጠርገው ጠይቀውናል፤ የማንጠርግበት ምክንያት ይኸው ነው።